የቀዳና የፋቀ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን፣ ያገሬው ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» የሚለውን ጎዳና ይዞ የጉናን ተራራ ያለፈ መንገደኛ ንፋስ መውጫ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀበለው፣ የከተማዋ ስም እንደሚናገረው፣ ብርዱ ነው። ቀጥሎ የሚቀበለው የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ነው። ሙዚቃ ቤት ስል ካሴት የተደረደረበትን የድሮውን ሱቅ ማለቴ አይደለም። አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ደጃፍ ላይ የቆመ ድምፅ ማጉያና አንድ ወጣት ነው። ገበያተኛው ስልኩን ወይም ሚሞሪውን ያቀብላል፤ «የባህል ጫንልኝ» ይላል፣ «መዝሙር ጫንልኝ» ይላል፣ «ድራማውን እስከ መጨረሻው ጫንልኝ» ይላል። ወጣቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የተሞላውን ሚሞሪ መልሶ ጥቂት ብር ይቀበላል። ከጎኑ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤትም ሥራ አልፈታም፤ የአንድ ሰው የዓመታት ድካም የሆነ መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን በማሽኑ ሥር እያለፈ ነው።

ይህን ወጣት ማንም ወንጀለኛ አይለውም። እናቱ አይሉትም፣ ደንበኞቹ አይሉትም፣ በደጁ የሚያልፈው ፖሊስም አይለውም፤ ምናልባትም ፖሊሱ የራሱን ሚሞሪ ያስጫነው እዚያው ይሆናል። ሕጉ ግን ይለዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሲደነገግ፣ የተጠበቀን መብት ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 ዓመት በማያንስና ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ አዟል። በከባድ ቸልተኝነት የጣሰውም ቢሆን ከ1 እስከ 5 ዓመት ይጠብቀዋል። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ደግሞ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ተወስኗል። ያ ወጣት በአንድ የገበያ ቀን የሚፈጽመው ጥሰት ይቆጠር ቢባል ዕድሜው ለእስራቱ አይበቃውም።

አንድ ሕግ ከተማውን በሙሉ ጥፋተኛ ካደረገ ጥፋተኛው ማን ነው? ይህን የምጠይቀው ለቀልድ አይደለም። ሁሉም የሚጥሰው ሕግ ሞቶ ይቀራል ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን፤ በእኛ አገር ግን ሕግ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም፣ ያደፍጣል እንጂ። ሁሉም ሰው ጥሶታልና፣ ከሁሉም መካከል ማንን እንክሰስ የሚለው ምርጫ ለሹሙ ይቀርለታል። ዛሬ ዝም የተባለ ሙዚቃ ቤት ነገ ከቀበሌው ጋር ሲጋጭ አዋጁ ከተደበቀበት ይወጣል። አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ዓይነቱን ሕግ በሌላም መስክ ታውቀዋለህ።

ነገር ግን የቅጂ መብትን ነገር ከፈረንጅ የመጣ ቅንጦት አድርገው ከሚያዩት ወገን አይደለሁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። ባለመብቶቹም የእኛው ሰዎች ናቸው። ደራሲው ከወረቀትና ከማተሚያ ቤት ዋጋ ጋር ታግሎ፣ አንዳንዴም ተበድሮ መጽሐፉን ያሳትማል፤ መጽሐፉ ገና ከመደርደሪያ ሳይነሣ አንድ ሰው ገጽ በገጽ በስልኩ አንሥቶ፣ በፒዲኤፍ ጠርዞ፣ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይለቀዋል። የቻናሉ ባለቤት ተከታይ ያፈራበታል፣ በተከታዩ ብዛት ማስታወቂያ ይሸጥበታል። ደራሲው ደግሞ ያልተሸጠውን መጽሐፍ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆልሎ ይተኛል። ሥራ አመንጪው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱ ይጠበቃል ብሎ የደነገገው አዋጅ የመጀመሪያዎቹን 50 ቀናት እንኳ ሊጠብቅለት አልቻለም።

እዚህ ላይ ግን ወደ ሌላው ወገንም ማየት ይገባል። ያንን ፒዲኤፍ የሚያነበው ማን ነው? ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ያለ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አዲስ የወጣ ልቦለድ ልግዛ ብሎ ቢነሣ፣ ገንዘቡ እንኳ ቢኖረው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥለት ሰው በአካባቢው የለም። መንገዱ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይወስደዋል። ይህ ልጅ ከደራሲው ኪስ የወሰደው ገንዘብ የለም፤ ቀድሞም ገዢ አልነበረምና። የቻናሉ ነጋዴና ይህ ልጅ በሕጉ ፊት አንድ ናቸው። እኔ አንድ ናቸው ብዬ ለመቀበል ያዳግተኛል።

አዋጁ ለግል አገልግሎት መቅዳትን ጨርሶ አልከለከለም። አንድ ግለሰብ ከታተመ ሥራ ለራሱ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። «አንድ» የምትለውን ቃል ልብ ይሏል። አዋጁ ሲረቀቅ በዓይነ ኅሊና የታየው ቴፕና ፎቶ ኮፒ ማሽን ነበር። ዩቲዩብ የተመሠረተው ከአዋጁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስልክ ደግሞ አንድን ገጽ ለማሳየት መጀመሪያ ወደ ራሱ ይቀዳዋል፤ በዚህ መሣሪያ ማንበብና መቅዳት አንድ ተግባር ሆነዋል። ለወንድሙ የላከ ሁለተኛ ቅጂ ሠራ፣ ለዕድሩ ቡድን የላከ መቶኛውን ሠራ። ትናንት ጋዜጣ አንብቦ ለጎረቤቱ ያዋሰ ጨዋ ሰው ዛሬ ያንኑ በጎነቱን በስልኩ ሲፈጽም ሕግ ተላላፊ ይሆናል። የማስተማሩ ሥራም እንዲሁ ነው፤ አዋጁ ለመምህር የሚፈቅደው ዓላማው የሚጠይቀውን ያህል፣ የደራሲውን ስም ጠቅሶ፣ በመልካም ልማድ ወሰን ውስጥ እንዲቀዳ ነው። ለ60 ተማሪ አንድ መጽሐፍ ባለበት ክፍል ዓላማው የሚጠይቀው ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረን ዳኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

ይህ ሁሉ ክርክር እኮ ኢንተርኔት ላለው ሰው ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ አንባቢ አይዘነጋውም። በዚያን ጊዜ ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ከሰው ወደ ሰው በኪስ ይጓዝ ጀመር። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ መጽሐፉም፣ ቃለ መጠይቁም፣ የትምህርት ቪዲዮውም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። መንግሥት በአንድ እጁ ዋናውን በር ዘግቶ በሌላ እጁ በጓሮ የገባውን ሕገ ወጥ ቅጂ ብሎ ለመጥራት ምን ዓይነት የሞራል ሥልጣን ይኖረዋል?

ንፋስ መውጫን ያነሣሁት ስለ ሙዚቃ ቤቱ ብቻ አይደለም። ይህ አገር ስለ መቅዳት ከማንም የበለጠ ያውቃል። ድጓን የተማረ ሁሉ በመጨረሻ መጥቶ የሚያስመሰክርባት ቤተልሔም ያለችው ጋይንት ነው። የዝማሬ መዋሥዕቷ ዙር አምባ በዚያው በጋይንት፣ ሌላው የዜማ ስልት ስሙን ያገኘባት ቆማ ደግሞ በእስቴ ናቸው። በ6ኛው መቶ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ የወረደው ዜማ እስከ እኛ የደረሰው በመቅዳት ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ አፍ በጆሮው ይቀዳል፣ እንደ ቀድሞው ሥርዓት ደግሞ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ ይይዛል። እንዳይቀዳ የሚከለክል የለም። የተቀዳው ትክክል መሆኑን ግን አንድ ቤት ይመሰክራል፤ ተማሪውም ከየትኛው መምህር እንደ ቀዳ፣ መምህሩም ከማን እንደ ቀዳ የዘር ሐረግ ሲቆጠር እንደሚቆጠረው ይቆጥራል።

በብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኛት አንዲት ውግዘት አለች። በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚወገዘው ሁለት ሰው ነው፤ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ። የቀዳ አልተወገዘም። ይልቁንም ቀድቶ የጻፈው ሰው በመጨረሻው ገጽ ስሙን አስፍሮ ጸልዩልኝ ይላል፣ ዋጋም እንዳለው ያምናል። መፋቅ ለምን ከመስረቅ ጎን እንደ ቆመ ለማወቅ ብራናዎቹን ራሳቸውን ማየት ይበቃል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ስም በላዩ የተጻፈበትን መጽሐፍ ጥናት የነካ ሁሉ ያውቀዋል። የአንዱን ፎቶግራፍ ወስዶ በጥጉ ላይ ያለውን ስም ቆርጦ የራሱን አርማ የሚለጥፈው የዛሬ ዘመን ሰው የዚያ ፋቂ የልጅ ልጅ ነው።

የቅኔ ቤቱማ ከዚህም ይጠነክራል። ቅኔ ተሜው «ዘረፈ» ይባላል፤ ዘረፋው ግን ከራሱ አእምሮ ነው። የሌላውን ቅኔ የእኔ ነው ብሎ በማኅሌት የቆመ ሰው ከዚያ በኋላ በሊቃውንት መካከል ቀና ብሎ አይሄድም። ፖሊስ የለ፣ አዋጅ የለ፣ መቶ ሺህ ብር የለ። አስገራሚው ነገር አዋጁ ይህን ቅኔ አያውቀውም፤ አንድ ሥራ እንዲጠበቅ ወጥ ከመሆኑ ሌላ ተጽፎ፣ ተቀርጾ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት አግኝቶ መገኘት አለበትና። በአፍ ተዘርፎ በአየር ላይ የቀረው ቅኔ ጥበቃ የሚያገኘው አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ሲቀዳው ነው።

ይህ እንግዲህ ወደ አንድ የማውቃቸው የድጓ መምህር ያደርሰኛል። ስማቸውን አልጠራም፤ ይጥሩት የሚል ፈቃድ አልሰጡኝምና። ከዓመታት በፊት አንድ እንግዳ ሲያስተምሩ በስልኩ ቀርጿቸው ኖሮ፣ ቅጂው ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ፣ ብዙ ሰው አይቶት፣ በመካከሉም ማስታወቂያ እየገባበት አገኘሁት። ስማቸው የለም፣ ቦታው የለም። በስልኬ አስቀምጬ ስሄድ አሰማኋቸው።

«የኔታ፣ ይህ የእርስዎ ድምፅ አይደለም ወይ?» አልኳቸው።

ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ ሰሙ። እኔ ስለ ገንዘቡ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «መቀዳቱስ ይሁን፣» አሉ፤ «ለመቀዳት አይደል እንዴ የተቀመጥነው። ግን እዚህ ላይ፣ ይኸውልህ፣ ይህ ልጅ ስቶ ነበር። እኔ አቃንቼዋለሁ። ማቃናቴን ቆርጠው ስሕተቱን ትተውታል። አሁን ይህን የሰማ ሁሉ ስቶ ይማራል፤ ከማን እንደ ቀዳም አያውቅ፣ መጥቶም አይጠይቀኝ።»

አንድ የአእምሯዊ ንብረት መጽሐፍ በብዙ ምዕራፍ የሚያብራራውን እርሳቸው በጥቂት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። በሕጉ ቋንቋ ቢታይ ዜማው የያሬድ ነውና የማንም የኢኮኖሚ መብት አይመለከተውም። የኔታ ግን «ከዋኝ» ናቸው፤ ክዋኔያቸው ያለ ፈቃዳቸው እንዳይቀረጽና እንዳይባዛ አዋጁ ለ50 ዓመት መብት ሰጥቷቸዋል። መብቱን ለማስከበር ግን ወደ ከተማ ወርደው ጠበቃ ይዘው ስሙ የማይታወቅ፣ ምናልባትም ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው መክሰስ ነበረባቸው። ይህን የሚያደርግ የድጓ መምህር አይኖርም፤ ጊዜውን ለማን ትቶ?

ለዩቲዩብ አቤት ይበሉ ይባል ይሆናል። ትክክል ነው፤ ዛሬ በኢትዮጵያ የድረ ገጽ የቅጂ መብት ዳኛ ዩቲዩብ ነው፣ የሚዳኘውም እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። አቤቱታ ሲቀርብ ያነሣል፣ ሦስት ጊዜ የተቀጣውን ቻናል ይዘጋል። ሙዚቀኞቻችን ፍርድ ቤት ለዓመታት ያልሰጣቸውን በቀናት ውስጥ የሚያገኙት በዚህ በኩል ነው፤ ስለዚህ አላቃልለውም። ነገር ግን የማሽኑ ዳኝነት ቀድሞ ያስመዘገበውን ባለቤት ብሎ ይነሣል። የያሬድን ዜማ ከዘፈን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለት ሰው አንድን የሕዝብ ዜማ ቢዘፍኑ ሁለተኛውን ሌባ ሊለው ይችላል። ይግባኝ የሚሰማውም ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥልን የለም። አሁን ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች በድረ ገጽ ያገኙትን ጽሑፍና ድምፅ ለማሽኖቻቸው ማስተማሪያ እያደረጉ ነው፤ ይህኛው ተማሪ ከማን እንደ ቀዳ ጨርሶ የማይቆጥር ነው።

ብቸኛ መብት ሁልጊዜ የደካማው ጋሻ ነው ብሎ ማሰብም የታሪክ ድጋፍ የለውም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን መብት ተዳፍሮ አምሃ ሬከርድስን ባያቋቁም ኖሮ፣ ዛሬ ዓለም «ኢትዮፒክስ» በሚለው የፈረንሳይ ተከታታይ ሕትመት የሚያውቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው ባልተቀረጸ ነበር። የጣሰው የቅጂ መብትን ሳይሆን የመንግሥትን ሞኖፖል ነው፤ ልዩነቱን አልዘነጋሁም። ሆኖም በር ላይ የቆመ ዘበኛ ሁሉ የቤቱን ባለቤት እንደማይጠብቅ ያሳያል።

የብራናዎቹም ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከጋፋት ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚህ በጋይንት በኩል ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር የዘረፋቸው መጻሕፍት በኋላ በብሪቲሽ ላይብረሪ ተከማቹ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ብዙዎቹን በዲጂታል አንሥቶ በድረ ገጹ አወጣ። ፎቶግራፉ ያለ ክፍያ መታየቱ መልካም ነው፣ ተጠቅሜበታለሁም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በቤተ መጻሕፍቱ ላይ የኮምፒውተር ጥቃት ሲደርስ አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። በዚያው ወቅት የእኛም ክልል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። የገዛ አባቶቹን መጽሐፍ ለማንበብ የፈለገ የጋይንት ሰው ከሁለቱም ጫፍ ተቆለፈበት። ያን ጊዜ የተረፈው አስቀድሞ በፍላሽ የተቀዳው ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አውቃለሁ፣ አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ስለ ቅጂ መብት ማውራት ለአንዳንዱ ሰው የጠገበ ወሬ ይመስለዋል። ነገር ግን ስለ ሕግ የበላይነት የምናወራው በትልልቁ ነገር ብቻ ከሆነ ከሕዝቡ ኪስ ያለው ስልክ የት ሊገባ ነው? በእኔ አስተያየት በመጀመሪያ በንግድ የሚቀዳውንና ለማንበብ የሚቀዳውን በሕግ መለየት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው ቅጣቱ የገንዘብ ይሁን፣ ከትርፉም ይበልጥ፣ በቶሎም ይፈጸም፤ 10 ዓመት እስራት ዳኛውንም ያስፈራዋልና ሳይጠራ ይኖራል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 የሮያልቲንና የጋራ አስተዳደር ማኅበርን ነገር አምጥቷል፤ መንገዱ ይህ ነው። ሚሞሪ የሚጭነው ወጣት ከከተማው ፈቃድ ሲያድስ በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ለባለመብቶቹ ማኅበር ቢከፍል ሕጋዊ ነጋዴ በሆነ ነበር። ጠይቄው «የሚሰበስብ ይምጣ እንጂ እከፍላለሁ፤ ግብር ሰብሳቢው እንኳ ይመጣ የለ» ብሎኛል። ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ ሲያስጀምሩ ያሰቡት የዚህ ዓይነት ነገር ነበር፤ ሰው ለመክፈል እንዲመቸው ካደረግከው ይከፍላል የሚል እምነት ነበራቸው። ኤልያስ ከጥቂት ወራት በኋላ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፈ።

ለትምህርትና ለቤተ መጻሕፍት የተሰጠው ፈቃድ ደግሞ ይስፋ። መጽሐፍ ሻጭ በሌለበት ወረዳ ያለ ቤተ መጻሕፍት አንድን መጽሐፍ ገዝቶ በዲጂታል ማዋስ ይቻለው። ስም መፋቅ ግን ቅጂው የተሸጠም ይሁን በነጻ የታደለ፣ ፋቂው ትልቅ መገናኛ ብዙኃንም ይሁን አንድ ተማሪ፣ ራሱን የቻለ ጥፋት ይሁን፤ መድኃኒቱም ስሙን መመለስና ይቅርታውን በዚያው ገጽ ማውጣት ይሁን። ይህ ጠበቃና መቶ ሺህ ብር አይጠይቅም። የኔታም የጠየቁት ከዚህ ያለፈ አልነበረም።

ስም ስል ግን አዋጁ ራሱ የፈጠረው አንድ ጉድ አለ። የፎቶግራፍ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከታተመ፣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ፊርማ ወይም ስምና አድራሻ ከያዘ ብቻ ነው። ጨጨሆ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ በዚያ ንፋስ እጁ እየደነዘዘ፣ ጭጋጉ ሲገለጥ ያነሣውን ፎቶግራፍ ስሙን ሳይጽፍ የለጠፈ ወጣት ሕግ አይጠብቀውም፤ አስጎብኚው ድርጅት ወስዶ በማስታወቂያው ላይ ቢያትመው ሰረቀኝ ማለት አይችልም። ስሙን ጽፎበት ከነበረና ሌላው ከፋቀው ደግሞ፣ ቀጥሎ የሚያገኘው ሰው እጅ ላይ ያለው ስም የሌለው ፎቶግራፍ ነውና፣ ለፋቂው የሚመች ክርክር ተዘጋጅቶለታል። ይህን ለማስተካከል ገንዘብም፣ ኮሚቴም፣ የውጭ አማካሪም አያስፈልግም። የሚሰረዘው አንድ ንዑስ አንቀጽ ነው።